መክፈቻው ያለው ያንኳኳል

መክፈት የሚችል ሰው ሁሉ መክፈት ይገባዋል ወይ? ይህን ጥያቄ በየቀኑ በሙያዬ እጋፈጠዋለሁ። ኮን ከተማ፣ ከወልድያ ተነሥቶ በጋሸና በኩል ወደ ደብረ ታቦር በሚዘልቀው መንገድ ዳር፣ ያረጁ መኪኖችን እጠግናለሁ፤ ቁልፍም እቀርጻለሁ። ቁልፍ የጠፋበት፣ የተሰበረበት ወይም አልዞር ያለበት ሰው ወደ እኔ ይመጣል። እኔም የሌላውን ሰው ንብረት እከፍታለሁ። እንዲህ ያለ ባለሙያ በእግዚአብሔር ፊት በምን ሕግ ይታሰራል?

ነገሩ እንዲገባ ከቁልፉ ልጀምር። እ.ኤ.አ. ከ1961 እስከ 1971 የተሠራው፣ ሲሪስ ቱ ኤ የሚባለው ላንድሮቨር መሪውን የሚያስር ቁልፍ የለውም፤ ማስነሻው ዳሽቦርዱ ላይ ነው። ማስነሻው ውስጥ ሲሊንደር አለ፤ በሲሊንደሩ ውስጥ ስስ የናስ ቅጠሎች ተደርድረዋል፤ እያንዳንዷን ትንሽ ሞላ ወደ ውጭ ይገፋታል። ትክክለኛው ቁልፍ ሲገባ ቅጠሎቹ ሁሉ ተሰብስበው ከሲሊንደሩ ገጽ ጋር እኩል ይሆናሉ፤ ያን ጊዜ ይዞራል። አንዲት ቅጠል እንኳ ብትተርፍ አይዞርም።

በጋ ላይ የመንገዱ አቧራ ይገባበታል፤ ሹፌሩ ደግሞ ይለስልስልኝ ብሎ የሞተር ዘይት ይጨምርበታል። ሁለቱ ተቦክተው ጭቃ ይሆናሉ። የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ሲመጣ ጭቃው ይጠጥርና ቅጠሎቹ ወደ ቦታቸው መመለስ ያቅታቸዋል። ሲሊንደሩን አውጥቼ በቤንዚን አጥበዋለሁ፤ ከደረቀ በኋላ የመጻፊያ እርሳስ ዱቄት እነሰንስበታለሁ እንጂ ዘይት አላስነካውም። ቁልፉ ራሱ የተበላ ከሆነም እሱን አስመስዬ አልቀርጽም፤ አዲሱ የአሮጌውን ጉድለት ይወርሳልና። በማስነሻው ፊት ላይ ያለው የቁልፍ ቁጥር ከተነበበ በቁጥሩ እሠራለሁ። ካልተነበበ ያልተቀረጸ የናስ ቁልፍ በጧፍ ጥላሸት አጠቁሬ አስገባለሁ፤ በቀስታ ለማዞር ስሞክር ቅጠሎቹ የነኩት ቦታ ምልክት ያወጣል። እዚያው ላይ በሞረድ እሞርዳለሁ። እስኪዞር ድረስ እያጠቆርሁ እሞርዳለሁ።

ይህን ሁሉ ልፋት ያየ ሰው ቁልፍ ጽኑ ጠባቂ ይመስለዋል። አይደለም። በዚያ ዘመን ብዙ የእንግሊዝ መኪኖች የተጋሩት ኤፍ ኤስ የሚባለው የቁልፍ ተራ ከ876 እስከ 955 ይቆጠራል፤ በጠቅላላው 80 ዓይነት ነው። በዚያ ተራ የሚሠሩ 81 መኪኖች ቢሰለፉ ቢያንስ ሁለቱ በአንድ ቁልፍ ይነሣሉ። ቁልፍ ባይኖርም፣ ሽቦ የሚያውቅ ልጅ ከማስነሻው ጀርባ አገናኝቶ ያስነሣዋል። የድሮው የናፍጣ ሞተርማ ቁልቁለት ላይ ተንከባሎ ማርሽ ከገባለት ይነሣል፤ በእኛ አገር ደግሞ ቁልቁለት ሞልቷል። ታዲያ ይህ ናስ የሚጠብቀው ምኑን ነው?

ኮን ያለችበት ዋድላ ከጎንጅና ከዋሸራ ጋር ስሙ የሚነሣ የቅኔ አገር ነው። ጥያቄ የማያልቅባቸው አንድ መሪጌታ አንዳንዴ ስሠራ አጠገቤ ይቀመጣሉ። «ልጄ፣ መዝሙር 126ን ዘነጋኸው እንዴ? ጠባቂው እግዚአብሔር ካልሆነ የአንተ ናስ ምን ይረባል?» አሉኝ።

«እውነትዎን ነው፣ መሪጌታ» አልኋቸው። በ2013 ዓ.ም. ክረምት የሰሜኑ ጦርነት ላስታና ዋድላ ሲደርስ ስንቱ ሰው ቤቱን ቆልፎ፣ ቁልፉን በኪሱ ይዞ ወጣ። ሲመለስ በሩ ተገንጥሎ ቁልፉ ብቻ በእጁ የቀረ ብዙ ነው። ከዚያ በፊትም በ1989 ዓ.ም. አፍሮ አይገባ መስቀል ከላሊበላ ቤተ መድኃኔ ዓለም ተሰርቆ ባሕር ተሻግሯል፤ ወደ ቦታው የተመለሰው በ1993 ዓ.ም. ነው። ከአንድ ወጥ ዐለት የተፈለፈለ ቤተ መቅደስ ያላስቆመውን ሌባ የእኔ ናስ ያስቆመዋል ብዬ አልከራከርም።

ቁልፍ ግን ከንቱ አይደለም። ሊሰርቅ ለቆረጠ ሰው የሚነግረው ነገር የለውም፤ የሚናገረው ለቀረነው ነው። መንገደኛውን፣ የቸገረውን፣ ልቡ የሚወላውለውን ሰው «ይህ ያንተ አይደለም፤ ባለቤቱን ጠይቅ» ይለዋል። ሌባ እናት ልጇን አታምንም ይባላል፤ የሚቆልፍ ሁሉ ግን እንደዚያች እናት አይደለም። በብዙ ደብር የሙዳየ ምጽዋቱ ቁልፍ በአንድ ሰው እጅ ብቻ አይተውም። ይህን የሚያደርጉት ምእመናን አገልጋዮቻቸውን ስለሚጠረጥሩ ሳይሆን ማንም ብቻውን እንዳይፈተን ስለሚሳሱ ነው።

እንግዲህ ቁልፍ የባለቤቱ ቃል ከሆነ፣ ያን ቃል ባለቤቱ ሳይሰማ መሻር የምችለው እኔ ነኝ። አንድ ወጣት መጥቶ «ጋሼ፣ አጎቴ ዐርፏል። ላንድሮቨሩ ግቢው ውስጥ ቆሟል፤ ቁልፉ ግን የለም። አንድ ቅረጽልኝ» አለኝ። ፊቱ የቅን ሰው ፊት ነበር፤ ገንዘቡንም ይዟል።

«ነፍስ ይማር፣ ወንድሜ። ባለቤቱ አሉ? ልጆቹስ?» አልሁት።

«አሉ» ብሎ ዝም አለ።

እምቢ አላልሁትም። የሟቹ ባለቤትና ሁለት የሰፈር ሽማግሌዎች ባሉበት፣ ሊብሬው ቀርቦ፣ እዚያው ግቢ ውስጥ እንደምሠራለት ነገርሁት። ቅር አለው። በኋላ ግን ሁሉም በተሰበሰቡበት ቁልፉን ሠርቼ ለእሜቴ በእጃቸው ሰጠኋቸው። እርሳቸውም ተቀብለው ለወጣቱ ሰጡትና «እንግዲህ አንተ ንዳው» አሉት። ቁልፉ በመጀመሪያ ሊይዘው በፈለገው እጅ ገባ። ግን ያን ቀን ወጣቱ ተሰጠው እንጂ አልወሰደም፤ የሟቹም ቤት ሰላሙን አላጣም። የቁልፉን ቁጥር በደብተሬ አልመዘገብሁትም፤ እዚህም አልጽፈውም።

«እኛ የምንቀርጸው ናስ ነው፤ ኃጢአቱ የሚሰርቅበት ሰው ነው» የሚሉ የሙያ ባልደረቦች አሉ። ሳያውቅ የተባበረ ሰው እንደ ሌባው እንደማይቆጠር እኔም አምናለሁ። ይሁን እንጂ አለማወቅ ሁለት ዓይነት ነው። ጠይቄ ከተዋሸሁ ተታልያለሁ፤ ሸክሙ የዋሸኝ ሰው ነው። ገንዘቡ እንዳይቀርብኝ ብዬ ሳልጠይቅ ከቀረሁ ግን አለማወቄን የመረጥሁት እኔው ነኝ። የተመረጠ አለማወቅ የፈቃድ ሥራ ስለሆነ ንስሐ ያስፈልገዋል። ፍትሐ ነገሥታችን ለአደራ የራሱን አንቀጽ የሰጠው ያለ ነገር አይደለም። የመክፈት ችሎታም አደራ ነው፤ ባለአደራ ደግሞ «አልጠየቅሁም» ብሎ አያመልጥም።

ይህን ያስተማረኝ የዮሐንስ ራእይ 3ኛ ምዕራፍ ነው። ለፊልድልፍያ ቤተ ክርስቲያን በተላከው መልእክት ጌታ የዳዊት መክፈቻ በእጁ ያለ ነው፤ እርሱ የከፈተውን የሚዘጋ፣ የዘጋውንም የሚከፍት የለም። ጥቂት ቁጥር ወረድ ብሎ፣ ለሎዶቅያ በተላከው ውስጥ፣ ያው ጌታ በደጅ ቆሞ ያንኳኳል። ሁለቱ ቃላት ብዙ ጊዜ ለየብቻ ይሰበካሉ። ቁልፍ ቀራጭ ግን ነጣጥሎ ሊያነባቸው አይችልም። መክፈቻው በእጁ ያለ ጌታ ለምን ከውጭ ይቆማል? ተስኖት አይደለም። ልብን ያለ ፈቃዷ ቢከፍታት፣ የገባባት ቤት የማረካት እንጂ የተቀበለችው አትሆንም። ሁሉን የሚችለው አምላክ ለሰው ፈቃድ ይህን ያህል ክብር ከሰጠ፣ ከሞረድ በቀር ሥልጣን የሌለኝ እኔ ማን ሆኜ ሳልጠይቅ እገባለሁ?

መሪጌታ ይህን ሲሰሙ ዝም አላሉም። «የሲኦልን የናስ ደጅ ግን ሰብሮ ነው የገባው» አሉኝ።

ጥያቄያቸው ከባድ ነው፤ ብዙም አሰላስዬበታለሁ። የሰበረው ምርኮኞች የታሰሩበትን ደጅ ነው። በዚያ በር ውስጥ ያሉት የእርሱ ፍጥረቶች ነበሩ፤ የቆለፈባቸው ሞት ደግሞ ባለቤታቸው አልነበረም። ስለዚህ ሕፃን መኪና ውስጥ ተቆልፎበት ቢያለቅስ ሊብሬ አልጠይቅም፤ ሽማግሌም አልጠብቅም። መስተዋቱን እሰብራለሁ። መጠየቅም መስበርም የሚለኩት በአንድ ሚዛን ነው፤ ከበሩ ጀርባ ባለው ሰው። ሰውየው ነፃ ከሆነ ይጠየቃል፤ ታስሮ ከሆነ ይፈታል። ለራሴ ጥቅም የምሰብረው በር ግን በየትኛውም መንገድ ከትንሣኤው ጋር አይመሳሰልም።

ዛሬ ማሽን ቁልፍን በደቂቃዎች ይቀርጻል፤ የመክፈት ችሎታ ከቀን ወደ ቀን እየረከሰ ነው። በዚያው ልክ የመጠየቅ ግዴታ ይከብዳል። የልጁን ስልክ መክፈት የሚችል አባት፣ የታማሚውን ገበና የሚያውቅ ሐኪም፣ የንስሐ ልጁን ምሥጢር የተሸከመ ካህን፣ የሰው ቤት የሚያስፈትሽ ሹም፣ ሁላችንም በአንድ ፈተና ውስጥ ነን። በፍርድ ቀን ስንቱን በር መክፈት እንችል እንደነበር የሚጠይቀን አይኖርም። የምንጠየቀው ሳናንኳኳ ስለገባንበት በር ነው።