መድንስ መድን አያስፈልገውም?

ዛሬ ስለ ገበሬና ስለ ሰብል መድን ላወራችሁ ነው። «ማዳም ቤት ለምንውል ሴቶች ይሄ ምናችን ነው?» እንዳትሉኝ፤ ትንሽ ታገሱኝ።

እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ። አባቴ ሰኔ ሲገባ ሰማይ ሰማይ ሲያይ ነበር የሚውለው። ዝናብ ከቀረ ጤፍ የለም፤ ጤፍ ከሌለ በሬው ይሸጣል፤ በሬው ከተሸጠ የከርሞውም እርሻ የለም። አንድ ክፉ ዓመት ሌላውንም ይዞ ይሄዳል።

የሰብል መድን የመጣው ለዚህ ተብሎ ነው። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2009 ትግራይ ውስጥ አዲ ሓ በምትባል መንደር 200 ቤተሰቦች ለጤፋቸው መድን ገብተው ነበር። ማሳውን አንድ በአንድ ዞሮ የሚያይ የለም፤ የሚለካው ዝናቡ ነው። ከተወሰነው በታች ከሆነ ይከፈላል። ገንዘብ ያጠረው ደግሞ አፈርና ውኃ ጥበቃ ላይ እየሠራ በጉልበቱ ይከፍል ነበር። ጉድለትም አለው፤ ዝናቡ ደህና ሆኖ የአንዱን ማሳ ተባይ ቢበላው የሚከፈለው ነገር የለም።

እኔን ያስገረመኝ ግን ሌላ ነው። መድኑን የሸጠው ኒያላ ኢንሹራንስ ብቻውን አልተሸከመውም፤ ስዊስ ሪ ከሚባል የስዊዘርላንድ ኩባንያ ዘንድ እሱም መድን ገባ። ይህን ጠለፋ መድን ይሉታል። ድርቅ ገበሬውን ሁሉ ባንዴ ስለሚመታ፣ ብቻውን ቢሆን ኩባንያውም አብሮ ይወድቃላ!

አሁን ወደኛ ልምጣ። ኦዴድ ስታርክና ዴቪድ ብሉም የተባሉ የኢኮኖሚክስ ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1985 እንደጻፉት፣ ቤተሰብ ልጁን ሩቅ የሚልከው ለደመወዙ ብቻ ሳይሆን አደጋን ለመከፋፈልም ነው። አገር ቤት ዝናብ ሲቀር የልጅቷ ደመወዝ አብሮ አይቀርምና። አያችሁ? የሰብል መድኑ እኛው ነን ማለት ነው።

ታዲያ ሰውን መድን ማድረግ ተገቢ ነው ወይ? እኔ ነውር ነው አልልም። አባቴም ያሳደገኝ ከዚያው ከጎተራው እየቀነሰ ነው። ግን መድን ውል አለው፤ መቼና ስንት እንደሚከፈል አስቀድሞ ይታወቃል። የኛ ወሰን የለውም፤ ለዘር ላኪ፣ ለሠርግ ላኪ፣ ለቆርቆሮ ላኪ። ታምሜ ሁለት ወር የተኛሁ ጊዜ እንኳ ከቤት የመጣው ጥያቄ «መቼ ነው የምትልኪው?» ነበር። አልፈርድባቸውም። ሁልጊዜ «ደህና ነኝ» ስላቸው ነው የኖርኩት፤ የኔን ሰማይ ማን ነገራቸው?

ስለዚህ እህቶቼ፣ ከምንልከው ለራሳችን ማስቀረት ስስት አይደለም። የወደቀ መድን ለማንም አይከፍልም። ለቤተሰብ እውነቱን እንንገር። በየወሩ የምናዋጣትንም አንናቃት፤ የኛ ጠለፋ መድን እሷ ናት። «ዓመት ሙሉ ከፍዬ ምንም አልወሰድኩም» የምትል እህት ካለች፣ ዝናቡ የዘነበለትን ገበሬ ታስታውስ። ገንዘቡ አልጠፋም፤ ዓመቱን እንቅልፍ ተኝቶበታል፣ ለጎደለበት ጎረቤቱም ደርሶለታል።