የተዋሱት ፊት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የእግዚአብሔር ቤተሰቦች፣ በሥራ ቤታችሁም በማረፊያ ክፍላችሁም ሆናችሁ ይህን የምታነቡ እኅቶቼና ወንድሞቼ፣ ዛሬ የምንማማረው ስለ ስልክና ስለ ጌም ነው። «አባ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ጌም ያውቃሉ?» እንደምትሉ ይገባኛል። እውነት ነው፣ አላውቅም ነበር። ያስተማረችኝ አንዲት እኅታችን ናት።

ባለፈው ከቅዳሴ በኋላ ሰው ጸበል ጻድቁን ቀምሶ ሲበተን እርሷ ጥግ ይዛ ቆየችኝ። የነገረችኝን ለሌላው ትምህርት እንዲሆን እንድናገር ፈቅዳልኛለች። በምትሠራበት ቤት የዘጠኝ ዓመት ልጅ አለ። ከአራስነቱ ጀምሮ ያሳደገችው እርሷ ናት። አንድ ቀን እናቱ በሌለችበት ታብሌቱን ይዞ ወጥ ቤት መጣና «ፊትሽን እዚህ አሳዪ» አላት። ወደ ካሜራው አየች። ወደ ቀኝ ዙሪ፣ ወደ ግራ ዙሪ አላት፤ ዞረች። ልጁ ጉንጯን ስሞ እየዘለለ ሄደ። እርሷም ስቃ ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ልጁ እህል ቀነሰ። እርሷ ስትገባ ታብሌቱን ትራስ ሥር ይሸጉጥ ጀመር። አንድ ማታ ቀስ ብላ ብታይ፣ የማያውቁት ሰው ለልጁ እየጻፈለት ነው። ፎቶህን ላክልኝ፣ ለእናትህ ግን እንዳትነግር ይለዋል። የወጥ ቤቱ ነገር የገባት ያን ጊዜ ነው። ጌሙ ልጁን እንደ ትልቅ ሰው የቆጠረው በእርሷ ፊት ነበር።

«አባ፣ ሳላውቅ ያደረግሁት ነው፤ ኃጢአት ይሆንብኛል? ለእናቱ ብነግር ታባርረኛለች። ወረቀቴ በእነሱ ስም ነው። ዝም ብልስ?» አለችኝ።

ልጆቼ፣ ይህን ጥያቄ ይዤ ብዙ ቀን አሰብሁ። ከመመለሴ በፊት ነገሩን እንረዳው።

ዛሬ ጌም ልጅ ብቻውን ተቀምጦ የሚጫወተው አይደለም። ከሌላ ሀገር ሰው ጋር ይጫወታል፣ ይጻጻፋል፣ ይነጋገራል። በዚያ መካከል ልጅ መስሎ የሚገባ ክፉ ሰው አለ። ስለዚህ መንግሥታትም ድርጅቶችም አጥር ማበጀት ጀምረዋል። በምንኖርበት አካባቢ ኳታርና ኩዌት እ.ኤ.አ. በኦገስት 2025 ሮብሎክስ የተባለውን ጌም ለልጆች ደኅንነት ብለው ዘግተውት ነበር። ድርጅቱም ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ በጌሙ ውስጥ መጻጻፍ የሚፈልግ ሰው ዕድሜውን በካሜራ ወይም በመታወቂያ እንዲያረጋግጥ አድርጓል። ካሜራው ፊትን አይቶ ዕድሜን ይገምታል፤ ከዚያም ሕፃኑን ከሕፃን፣ ጎልማሳውን ከጎልማሳ ጋር ይመድባል። በብሪታንያ ደግሞ ከጁላይ 25 ቀን 2025 ጀምሮ ለልጆች የማይገባ ነገር የሚያሳዩ ድረ ገጾች የሚገባውን ሰው ዕድሜ እንዲያረጋግጡ በሕግ ተገደዋል።

አጥር ሲሠራ ግን ቀዳዳ የሚፈልግ አይጠፋም። አንዱ ቀዳዳ የትልቅ ሰው ፊት ወይም መታወቂያ መዋስ ነው። ቻይና እ.ኤ.አ. በ2021 ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በሳምንት ሦስት ሰዓት ያህል ብቻ ኦንላይን ጌም እንዲጫወቱ ስትወስን፣ ብዙ ልጆች በአያቶቻቸው ስም መግባት ጀምረው ነበር። ሁለተኛው ቀዳዳ ቪፒኤን ነው። በብሪታንያ ሕጉ በጸናበት ሰሞን ሰዎች በብዛት ካወረዷቸው አፖች መካከል ቪፒኤኖች ግንባር ቀደም ሆኑ። ቪፒኤን እናንተው ታውቁታላችሁ። ደብዳቤህን በሌላ ሰው ቤት በኩል እንደመላክ ነው፤ የተቀበለው ሰው ከዚያ ቤት የመጣ ይመስለዋል።

እንግዲህ ወደ መጽሐፍ እንመለስ። ይስሐቅ ዓይኑ በፈዘዘበት ዘመን ያዕቆብ የወንድሙን የዔሳውን ልብስ ለበሰ፤ እጁንና አንገቱን በፍየል ጠቦት ቆዳ ሸፈነ (ዘፍ. 27)። አባቱ ዳሰሰው፣ አሸተተው፣ ጠየቀው። ድምፁን ተጠራጠረ፤ ነገር ግን እጁ አሳመነው። አባቶቻችን በዚያ በረከት ውስጥ የእግዚአብሔርን ምሥጢራዊ አሠራር ያያሉ፤ ያዕቆብ የተመረጠ ነበርና። ቢሆንም መጽሐፍ የማታለሉን ዋጋ አልደበቀም። ያዕቆብ ከአባቱ ቤት ተሰደደ። በላባ ቤት ሃያ ዓመት አገለገለ፤ ራሔልን ብሎ ሠርቶ በሌሊት ልያን ሰጡት። በፍየል ቆዳና በወንድሙ ልብስ አባቱን እንዳታለለ፣ በእርጅናው ልጆቹ የዮሴፍን ልብስ በፍየል ደም ነክረው እርሱን አታለሉት።

ልብሱን ያለበሰችው፣ ቆዳውን ያሰረችለት ርብቃስ? ከፍቅር የተነሣ እርግማን ቢመጣ በእኔ ላይ ይሁን ብላ ነበር። ልጇን ለጥቂት ቀን ብላ ሰደደችው፤ ዳግመኛ እንዳየችው ግን መጽሐፍ አልነገረንም። አያችሁ፣ ፊት ያዋሰ ሰው ብዙ ጊዜ ክፉ ሰው አይደለም። የሚወድ ሰው ነው። ልጁ እንዳያለቅስ፣ እንዳይከፋው ብሎ ነው። ያችም እኅታችን ያደረገችው ይህንኑ ነው። ሳታውቅ ስለሆነ በደለኛ ብዬ አልፈርድባትም። አሁን ግን አውቃለች፤ እናንተም ይህን ካነበባችሁ በኋላ አውቃችኋል።

«ታዲያ አባ፣ ራስን መሸሸግ ሁሉ ኃጢአት ነው?» ትሉኝ ይሆናል። አይደለም። የሙሴ እናት ልጇን ሦስት ወር ሸሸገችው፤ ፈርዖን ሊገድለው ይፈልግ ነበርና። አበው እንደሚተርኩልን ናትናኤልን ሄሮድስ ሕፃናትን ባስፈጀበት ጊዜ እናቱ በበለስ ሥር ሸሽጋው ነበር። እመቤታችንስ ልጇን ታቅፋ ወደ ግብፅ በረሃ የተሰደደችው ከክፉ ዓይን ልትሰውረው አይደለምን? ጌታችንም ስንጸልይ በራችንን ዘግተን በስውር እንድንጸልይ አስተምሮናል። ገመናን መጠበቅ ከእግዚአብሔር የተሰጠን ክብር ነው። ሰው የራሱ ጓዳ አለው።

ስለዚህ ፊታችሁንና ወረቀታችሁን ለጠየቃችሁ ሁሉ አትስጡ። ዲስኮርድ የተባለው የጌም ተጫዋቾች መነጋገሪያ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2025 እንዳሳወቀው፣ ደንበኞችን እንዲያስተናግድለት የቀጠረው ሌላ ድርጅት ተሰብሮ ወደ 70,000 የሚሆኑ ሰዎች የመታወቂያ ፎቶ ለሌባ ሳይጋለጥ አልቀረም። ከነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ መታወቂያቸውን የሰጡት ዕድሜያቸውን ለማረጋገጥ ብለው ነበር። የይለፍ ቃል ቢሰረቅ ይቀየራል። ፊት ግን አይቀየርም። ይልቁንም እናንተ፣ ፓስፖርታችሁ ሕይወታችሁ የሆነ፣ «ማረጋገጫ ነው» እያለ ፎቶውን ለሚጠይቃችሁ የማታውቁት ሰው አትላኩ።

ቪፒኤንም እንደ ቢላዋ ነው፤ እንጀራም ይቆረስበታል፣ ሰውም ይጎዳበታል። በ2015 ዓ.ም. የካቲት ወር ቤተ ክርስቲያናችን በመከራ ላይ ሳለች በሀገራችን ማኅበራዊ መገናኛዎች ሲገደቡ፣ ብዙዎች የአባቶችን ድምፅ የሰሙት በቪፒኤን ነው። ከባንክ እስከ መሥሪያ ቤት በሥራቸው ይጠቀሙበታል። ነገር ግን ሁለት ነገር እወቁ። አንደኛ፣ ነፃ የሆነው ሁሉ ነፃ አይደለም። ኦናቮ የተባለው የፌስቡክ ቪፒኤን ሰዎች ሊጠብቃቸው መስሏቸው ሲጭኑት፣ በየትኛው አፕ እንደሚጠቀሙ ለድርጅቱ ያሳይ ነበር፤ በ2019 ተዘጋ። ከጎረቤት ሲሸሸጉ ለማያውቁት ሰው በር መክፈት ይመጣል። ሁለተኛ፣ እንግዳ የሆንበት ሀገር ሕግ አለው። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች በ2021 የወጣው የኮምፒውተር ወንጀል ሕግ በቪፒኤን ተሸሽጎ ወንጀል የሚሠራውን በእስራት ወይም ከ500,000 እስከ 2,000,000 ድርሃም በሚደርስ መቀጮ ይቀጣል። እናታችሁን በቪዲዮ ለማየት ስትናፍቁ ልባችሁ ምን እንደሚል አውቃለሁ፤ እኔም እናት አለኝ። ግን እንደ ቦቲም ያሉ የተፈቀዱ መንገዶች ስላሉ፣ ጥቂት ሳንቲም ከፍሎ በሰላም ማደር ይሻላል።

የመለኪያው ጥያቄ አንድ ነው፦ ከማን ነው የምሸሸገው? ከሄሮድስ ነው ወይስ ከአባቴ? ከሌባ የሚሸሸግ ጠቢብ ነው። ልጅ ከእናቱ፣ ሰው ከኅሊናው ሲሸሸግ ግን አዳም በዛፎቹ መካከል የሞከረውን እየደገመ ነው። ዳዊት በ138ኛው መዝሙር ወደ ሰማይ ብወጣም፣ ወደ ጥልቁም ብወርድ አንተ በዚያ አለህ እንዳለው፣ እግዚአብሔርን የሚያስት አድራሻ የለም። የሚያስፈራም የሚያጽናናም ነው። የሚያየን አባታችን ነውና።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ። ትናገር ወይስ ዝም ትበል? ልጆቼ፣ እኔ ስናገር ደመወዝ አይቀርብኝም፣ ሻንጣዬም በር ላይ አይወረወርም። ስለዚህ ዝም ብዬ «ተናገሪ» ማለት አልደፈርሁም። ነገር ግን አንዲት ልጅ ትዝ አለችኝ። በ2ኛ ነገሥት 5 ላይ ስሟ እንኳ አልተጻፈም። ከሀገሯ ተማርካ በሶርያዊው አለቃ በንዕማን ቤት ለሚስቱ የምታገለግል ትንሽ ልጅ ነበረች። ጌታዋ ለምጽ ነበረበት። የኔ ምን አገባኝ፣ የማረኩኝ ሰዎች ናቸው ማለት ትችል ነበር። እርሷ ግን ለእመቤቷ በሰማርያ ነቢይ እንዳለ ነገረቻት። በዚያች አንዲት ቃል ንዕማን ተፈወሰ፤ እግዚአብሔርንም አወቀ። የሠራዊት አለቃ የዳነው በወጥ ቤት ሠራተኛ ምክር ነው።

እናንተም በሰው ቤት ያላችሁት እንዲሁ አይደለም። ብዙ ጊዜ የልጁን ፊት ከእናቱ በፊት የምታነቡት እናንተ ናችሁ። ስለዚህ ለእኅታችን የነገርኋትን ለሁላችሁም እላለሁ።

ፊታችሁን፣ መታወቂያችሁን፣ ስልክ ቁጥራችሁን ለልጅ ጌም አታውሱ። ልጁ ቢያለቅስ «እማማ ስትመጣ እርሷ ታድርግልህ» በሉት። አስቀድሞ ተደርጎ ከሆነ ሳይረፍድ ለእናቱ ንገሩ። ስትነግሩ ከራሳችሁ ጥፋት ጀምሩ፤ ሳላውቅ ነው፣ አሁን ግን ልጁ ያሳስበኛል በሉ። ስትነግሩም ልጁን አታዋርዱት። የጻፈለት ሰው መልእክት እንዳይጠፋ ተዉት፤ ወላጆቹ ለሚመለከተው አካል ያሳዩት ዘንድ። የምትፈሩ ከሆነ ብቻችሁን አትሁኑ፤ ቀድማችሁ ለንስሐ አባታችሁ ወይም ለምታምኗት እኅት አማክሩ።

ሀገር ቤት ልጅ ያላችሁ ደግሞ ስሙኝ። ናፍቆታችሁን በስልክ ትገዛላችሁ፤ የምትልኩት ስልክ ግን እናት የሌለችበት ቤት በር ነው። ስትደውሉ ምን በላህ፣ ትምህርት እንዴት ነው ብቻ አትበሉ። ከማን ጋር ትጫወታለህ፣ አሳየኝ በሉት። ዕድሜውን ዋሽቶ ገብቶ ከሆነ ቁጣ አታስቀድሙ፤ የተቆጡት ልጅ ቪፒኤን ይጭናል፣ ያመኑት ልጅ ግን እናቱን ይጠራል። አያቱን ወይም አክስቱን አደራ በሏቸው፤ ሌሊት ስልኩ ከልጁ ክፍል ውጭ ይደር።

ያች እኅታችን ማክሰኞ ማታ ድምፅ ላከችልኝ። ነገረቻት። ማዳም ጮኸችባት፤ ታብሌቱንም ነጥቃ ወሰደች። ሌሊት ግን ልጁን አቅፋ ስታለቅስ በግድግዳው በኩል ሰማቻት። «እስካሁን አኩርፋኛለች አባ፣ የወሩ መጨረሻ ምን እንደሚሆን አላውቅም። ልጁ ግን ዛሬ በላ» አለችኝ።

ስለዚህች እኅታችሁ ጸልዩ። የክርስትና ስሟን እግዚአብሔር ያውቀዋል፤ የንዕማንን ቤት አገልጋይ ስም እንደሚያውቀው።

ሕፃናትን ከክፉ ዓይን፣ እናንተንም በሰው ሀገር ከሚገጥማችሁ ፈተና ሁሉ ይሰውራችሁ። ስደተኛዋ እናታችን ድንግል ማርያም በምልጃዋ አትለየን። በሀገራችሁ ምድር ልጆቻችሁን በሰላም ለማየት ያብቃችሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።

ልጅ ለምታሳድግ እኅት ሁሉ አድርሱልን።