ስለ ካህን መሐላ

በጭሮ (አሰበ ተፈሪ) አንድ ወጣት ዲያቆን፦ «መሐላ ካህንን እስከ ምን ድረስ ያስረዋል?» ሲል ጠየቀኝ።

አሜሪካውያን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1776 ከእንግሊዝ ንጉሥ በተለዩ ጊዜ፥ ከአንግሊካን ካህናት አያሌዎቹ ሲሾሙ የማሉለትን ንጉሥ አንክድም አሉ፤ ስሙን ከጸሎት ከማውጣትም ቤተ ክርስቲያናቸውን መዝጋትን መረጡ።

በእኛም ዘንድ አቡነ ጴጥሮስ አርበኞችን አላወግዝም በማለታቸው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተረሸኑ፤ አቡነ አብርሃም ግን በ1930 ዓ.ም. በፋሺስቶች ሥር ሊቀ ጵጵስናን ተቀበሉ። ልብን የሚመረምር እግዚአብሔር ነው።

ለዲያቆኑ የሰጠሁት መልስ ይህ ነው፦ ሄሮድስም መሐላዬን አከብራለሁ ብሎ የመጥምቁን አንገት አስቈርጧል። እንግዲህ መሐላ የሚጸናው ለጽድቅ ሲሆን ነው፤ ንጹሑን ለማስኰነን ሲጠቅሱት ግን ማሰሪያው ይፈታል። ወንድሞች ሆይ፥ ከመማላችን አስቀድሞ እንመርምር።