እንግድነት ስንት ያወጣል?

ዛሬ የማነሳው ጥያቄ ቀላል ይመስላል። በገንዘብ የሚገዛ መስተንግዶ እንግዳን ማክበር ነው ወይስ ሌላ ነገር? ጥያቄው ከመጽሐፍ ያገኘሁት አይደለም፤ ያነሳችብኝ አክስቴ ናት።

ለአረፋ በዓል እንደ ብዙው የጉራጌ ሙስሊም ወደ አገር ቤት ወረድኩ። ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ 155 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዤ ወልቂጤ ስደርስ መሽቶ ነበር። የአክስቴ ቤት ከከተማው ወጣ ብሎ ነው፤ መንገዱ ግን የሚያስፈራ አልነበረም። ቢሆንም ሆቴል ገባሁ። አስተናጋጁ ቦርሳዬን ተቀብሎ ክፍሌን አሳየኝ። አንሶላው ንጹሕ፣ ውሃው ሙቅ ነው። ቂብላው በየት በኩል እንደሆነ ስጠይቀው ሳያመነታ በእጁ አመለከተኝና፣ ሰግጄ እስክጨርስ እራቴ እንደማይቀዘቅዝ ነግሮኝ ወጣ። ከዚህ የበለጠ ምን አገልግሎት ይጠበቃል?

በማግስቱ አክስቴ ዘንድ ስደርስ የት እንዳደርኩ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። ስንት እንደከፈልኩም ጠየቀችኝ፤ ያንንም ነገርኳት። ጥቂት ዝም አለችና፣ «እኔስ ስንት ታስከፍለኛለች ብለህ ፈርተህ ነው ልጄ?» አለችኝ። ቤት ውስጥ የነበሩት ሳቁ። እሷ ግን አልሳቀችም። «እንዳላስቸግርሽ ብዬ ነው» አልኳት። አላህ ውስጤን ያውቃል። የሸሸሁት የእሷን ችግር ሳይሆን መደቡን ነው።

ቅዱስ ቁርኣን በሱረቱ አዝ-ዛሪያት ስለ ነቢዩ ኢብራሂም (ዐ.ሰ) እንግዶች ይተርክልናል። እንግዶቹ የማያውቋቸው ሰዎች ነበሩ። እሳቸው ግን ማንነታቸውን ሳያጣሩ ሰላምታቸውን መለሱ፣ ቀስ ብለው ወደ ቤተሰባቸው ሄዱ፣ የሰባ ወይፈን አምጥተው ወደ እንግዶቹ አቀረቡ፣ እንዲበሉም ጋበዟቸው። ዑለማዎች ከዚህ ታሪክ የመስተንግዶ ሥርዓት አውጥተዋል፤ እንግዳን «ምን ላምጣልህ?» ብሎ አለማሳፈር፣ አለማዘግየት፣ ካለው መልካሙን መምረጥ፣ በራስ እጅ ማቅረብ። የዛሬ የሆቴል ትምህርትም ከዚህ እጅግ የራቀ አይደለም። ልዩነቱ ነቢዩ ኢብራሂም በመጨረሻ ሂሳብ አለማቅረባቸው ነው።

ታዲያ ሂሳብ ማቅረብ ነውር ነውን? አባቶቻችን እንደዚያ ያስቡ ነበር። በአገራችን የመጀመሪያው ሆቴል የሚባለው የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል በአፄ ምኒልክ ዘመን ሲከፈት፣ ከፍሎ መብላት ያልተለመደ ስለነበር ደንበኛ እንዳጣና ንጉሡ መኳንንቱን ወስደው ሂሳብ እንዳስከፈሏቸው ይነገራል። ዛሬ ያ ዘመን አልፏል። አዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ1969 ሒልተንን፣ በ1990 ዓ.ም ደግሞ ሸራተንን አይታለች። ከጉራጌ ምድር የወጣ ስንቱ ወገናችንም በምግብ ቤትና በሆቴል ሥራ ላቡን አፍስሶ ቤተሰብ አስተዳድሯል። ይህ ሐላል ሲሳይ ነው፤ ማንም ሊያንቋሽሸው አይገባም።

ከዚህም በላይ ሆቴል እዝነት የሚሆንበት ጊዜ አለ። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) የእንግድነትን መብት ሦስት ቀን አድርገውታል። እንግዳው ባለቤቱን እስኪያስጨንቅ ድረስ መቆየት እንደማይገባውም አስተምረዋል። ዘመድ የሌለው መንገደኛ፣ ሰው ማስቸገር የሚያሳፍረው ድሃ ወይም ሕመምተኛ የያዘ ቤተሰብ ከፍሎ ማደሩ ክብሩን ይጠብቅለታል። የከፈለ ሰው የማንም ባለውለታ አይሆንም።

እንግዲህ ክብር በሆቴል አይገኝም ማለቴ አይደለም። ሆኖም ሆቴሉ ሊሸጠው የሚችለው ሐቅን ብቻ ነው። በ2007 ዓ.ም የባህልና ቱሪዝም ሚኒስቴር ከዓለም የቱሪዝም ድርጅት ጋር ሆኖ ሆቴሎቻችንን በኮከብ መድቧል። መልካም ሥራ ነው፤ እንግዳ የከፈለበትን እንዲያገኝ ይረዳል። ግን የበር ላይ ፊት በስንት ኮከብ ይለካል?

አንድ ጊዜ በአዲስ አበባ አንድ ትልቅ ሆቴል ለስብሰባ ገብቼ ነበር። እኔ ከረባት ስላሰርኩ ዘበኛው እጅ ነስቶ አስገባኝ። ሊያገኙኝ የመጡት ሽማግሌ ዘመዴ ግን ጋቢ ለብሰው፣ መቋሚያ ይዘው ስለነበር ሁለት ጊዜ ተጠይቀው ውጭ ቆሙ። ወጥቼ ሳስገባቸው ተቆጥተው አላየኋቸውም። ይልቁንም «አሳፈርኩህ ይሆን?» አሉኝ። በውስጥ ያለው ወለል ያብረቀርቅ ነበር። እኔ ግን አንገቴን ደፋሁ። ሱረቱ ዐበሳ የወረደው ዓይነ ስውሩ ሰሓባ ሊማር ሲመጣ ታላላቆቹን የቁረይሽ ሰዎች በማስቀደም ምክንያት መሆኑን እናውቃለን። ነቢይ በዚህ ከተወቀሱ፣ ሰውን በልብሱ የሚለይ በር ምን ይባላል?

ጥፋቱን ግን በሆቴሉ ላይ ብቻ አንጣል። እኛስ? አስተናጋጁን በጭብጨባና በጣት ፉጨት የምንጠራ፣ ወጡ ቢዘገይ የምንሰድብ፣ ከፍያለሁና ይታዘዘኝ የምንል ስንት ነን? በረመዷን ጾሙን ይዞ ለሌላው ምሳ የሚያመላልስ ወጣት ከፊታችን አለ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ምግብ ያቀረበልንን አገልጋይ አብሮን እንዲቀመጥ እንድንጋብዝ፣ ካልሆነም ጥቂት እንድናጎርሰው አዘዋል፤ ሙቀቱንና ጢሱን የቻለው እሱ ነውና። ገንዘባችን ጉልበቱን ተከራየ እንጂ ሰብአዊነቱን አልገዛም።

ስለዚህ የእኔ መልስ ይህ ነው። ባለ ሆቴሉ የእንግዳው ሐቅ አለበት፤ ንጽሕና፣ ትክክለኛ ሂሳብ፣ ለባለ ከረባቱም ለባለ ጋቢውም እኩል የሚከፈት በር። ይህን ካሟላ አማናውን ተወጥቷል። ማክበር ግን ከሐቅ በላይ ያለ ስጦታ ነው። ስጦታም የሚሰጠው ብቻ ሳይሆን የሚቀበለው ያስፈልገዋል። እንግዳ ያጣች ቤት አጅሯን ከየት ታገኛለች? እኔ ለሆቴሉ ገንዘቤን ስሰጥ ከአክስቴ የወሰድኩት ይህንን ነው። ስንት እንደሚያወጣ ደግሞ ልነግራት አልችልም።

አክስቴ አርጅታለች፤ ውሃ የምታስቀዳው በሰው ነው። ስለዚህ ለሚመጣው አረፋ ሦስት ቀን አልልም። አንድ ሌሊት፣ መደቡ ላይ፣ ኢንሻአላህ።

ወላሁ አዕለም።