የማይታየው መንጋጋ

የሰው ልጅ ከሚፈራው ነገር ይሸሻል፤ ይህም ሕይወቱን የሚጠብቅበት የተፈጥሮ ጠባዩ ነው። ይሁን እንጂ ይኸው ሰው በሲኒማ ቤት ደጃፍ ተሰልፎ፣ ቲኬት ቆርጦ፣ በጨለማ ውስጥ ሊፈራ ይገባል። ይህን ተቃርኖ ለመመርመር «መንጋጋ» ከተባለው የአሜሪካ ፊልም የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያዳግታል። ስቲቨን ስፒልበርግ ያዘጋጀው ይህ ፊልም እ.ኤ.አ. በ1975፣ በዚያ አገር የበጋ ወራት ለሕዝብ ቀረበ፤ ሃምሳ ዓመት በሞላው በ2025ም እንደገና በሲኒማ ቤቶች ታየ።

ታሪኩ ቀላል ነው። አሚቲ በተባለች የልብ ወለድ ደሴት ዳርቻ አንድ ግዙፍ ነጭ ሻርክ ዋናተኞችን መግደል ይጀምራል። የፖሊስ አዛዡ ብሮዲ፣ የባሕር ተመራማሪው ሁፐርና አሣ አጥማጁ ክዊንት በአንዲት አሮጌ ጀልባ ሊያድኑት ይወጣሉ።

የፊልሙ ኃይል ከየት እንደ መጣ ሲጠየቅ በቅድሚያ የሚጠቀሰው አንድ ችግር ነው። በ1974 ቀረጻው ሲካሄድ ለፊልሙ የተሠራው ሰው ሠራሽ ሻርክ በጨው ውሃ ውስጥ በየጊዜው እየተበላሸ አስቸገረ፤ ለ55 ቀናት የታቀደውም ሥራ 159 ቀናት ፈጀ። አዘጋጁ አውሬውን ማሳየት ቢሳነው ጸጥ ያለውን የውሃ ገጽ፣ በማዕበል ላይ የሚንሳፈፉትን ቢጫ በርሜሎች አሳየ፤ ጆን ዊልያምስ የደረሰው ሙዚቃም በሁለት ድምፆች ብቻ የአውሬውን መቅረብ አበሰረ። ሻርኩ በጉልህ የሚታየው ፊልሙ ከተጀመረ ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ባዶውን ቦታ የሚሞላው ተመልካቹ ራሱ፣ ከገዛ ልቡ ባወጣው ፍርሃት ነው። ባሕር አይቶ የማያውቅ ደገኛ እንኳ የሚደነግጠው ስለዚህ ነው።

ይሁንና ድንጋጤ በሁለተኛው እይታ ይደበዝዛል። የታሪኩን ፍጻሜ አስቀድሞ የሚያውቀው ተመልካች ደግሞ ደጋግሞ የሚያየው ለምንድን ነው? መልሱ ከውሃው ሥር ሳይሆን ከየብሱ ላይ ይገኛል።

የመጀመሪያዋ ወጣት ስትሞት ብሮዲ የባሕሩን ዳርቻ ሊዘጋ ይነሣል። ከንቲባው ግን የከተማዋ ኑሮ በበጋ እንግዶች ገንዘብ ላይ የቆመ መሆኑን ያስታውሰዋል፤ አስከሬኑን የመረመረው ሐኪምም ቃሉን ለውጦ የሞት ምክንያት የጀልባ አደጋ ነው ይላል። ብሮዲ ዝም ይላል። በዚህ ዝምታ መካከል አንድ ትንሽ ልጅ ይበላል። ጥቁር የለበሰችው እናቱ መጥታ አደጋውን እያወቅህ ዳርቻውን ክፍት ተውህ ስትል ብሮዲን በሰው ፊት በጥፊ ትመታዋለች። ከንቲባው ተሳስታለች ብሎ ሊያጽናናው ሲሞክር፣ ብሮዲ አልተሳሳተችም ሲል ይመልሳል። ከዚህች ደቂቃ በኋላ የፊልሙ ጥያቄ አውሬው ይሞታል ወይስ አይሞትም የሚል ብቻ አይደለም፤ እውነቱን እያወቀ ዝም ያለ ሰው ዕዳውን በምን ይከፍላል የሚል ነው። ውሃ የሚፈራው ብሮዲ በጀልባ ወደ ባሕሩ ሲወጣ ተመልካቹ ትንፋሹን የሚይዘው፣ ከጥርሱ ይልቅ ለዚህ ዕዳ ነው።

እዚህ ላይ ግን ፊልሙ በራሱ ላይ የሚመልሰው ጥያቄ አለ። ከንቲባው የነበረውን አደጋ ደበቀ፤ ፊልሙ ደግሞ ትንሹን አደጋ አገዘፈ። ሻርክ ሰውን የሚገድለው እጅግ በጥቂቱ ሲሆን፣ ሰው ግን በየዓመቱ ሻርኮችን በሚሊዮኖች ይገድላል። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንደሚባለው፣ ብዙ ሰው በሲኒማ ያየውን መንጋጋ በእውነተኛው ባሕር ውስጥ መፈለግ ጀመረ። ለሻርኮች መመናመን ዋናው ምክንያት ከመጠን ያለፈ አሣ ማጥመድ ቢሆንም፣ የተጠላ ፍጡር ጠበቃ አያገኝም። ፊልሙ የተመሠረተበትን ልብ ወለድ በ1974 ያሳተመው ፒተር ቤንችሊ ይህን ተረድቶ የኋለኛ ዕድሜውን ለባሕርና ለሻርኮች ጥበቃ ሰጠ። ስፒልበርግም በ2022 ፊልሙ ለሻርኮች መቀነስ አስተዋጽኦ ማድረጉ እንደሚጸጽተው ተናገረ።

እንግዲህ የኪነ ጥበብ ሰው ፍርሃትን በመቀስቀሱ አይወቀስም፤ ፍርሃት የሕይወት ዘበኛ ነውና። ነገር ግን ዘበኛው እውነቱን ካልተነገረው ወይ ሌባውን ያሳልፋል፣ ወይ ንጹሑን ይመታል። የአሚቲ ከንቲባ የመጀመሪያውን አደረገ፤ ከሲኒማ ቤት ወጥቶ ሻርክን ሁሉ የጠላ ተመልካች ሁለተኛውን። በመካከላቸው የቆመው ብሮዲ ነው፤ በጥፊ ተመትቶ እውነቱን ያመነ፣ እየፈራም ወደሚፈራው ውሃ የወጣ። ፊልሙ ሲያበቃ ያ ውሃ የሚፈራው ሰው ወደ የብሱ እየዋኘ ይመለሳል።