የጦር ጨዋታና የጨዋታ ጦር

ሰው የሚፈራውን ነገር ሁሉ በጨዋታ መልክ አሳንሶ ማየት ይወዳል። ሕፃን እንደ ጅብ እየጮኸ ባልንጀራውን ያስፈራራል፤ ጐልማሳም ዱላውን ጦር አስመስሎ ይሰለፋል። ከሚፈራው ነገር ሁሉ ጦርነት ታላቁ ስለ ሆነ፥ ጦርነትን ያልተጫወተ ሕዝብ በምድር ላይ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። እንግዲህ ጥያቄያችን ይህ ነው፤ ሰው የሚሞትበትን ነገር መጫወቻ ማድረግ ይገባልን ወይስ አይገባም?

በእንግሊዝ አገር፥ በለንደን ከተማ፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1972 የተጀመረ «ሳሉት» የሚባል የጦር ጨዋታ ትርኢት አለ። ወደዚህ ትርኢት የሚገባ ሰው በሰፊ አዳራሽ ውስጥ ብዙ ጠረጴዛ ተሰናድቶ ያገኛል። በየጠረጴዛው ላይ ተራራው፥ ወንዙ፥ ድልድዩና መንደሩ በትንሹ ተሠርቶአል፤ በመካከሉም ቁመታቸው ከአውራ ጣት የማይበልጥ የብረትና የፕላስቲክ ወታደሮች ቀለም ተቀብተው በየሰልፋቸው ቆመዋል። ተጫዋቾቹ ርቀቱን በሜትር እየለኩ ጦራቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ ተኩሱ መምታቱንና መሳቱን ግን ስድስት ገጽ ያላት የዕጣ ጠጠር ትፈርዳለች። የናፖሌዎንን ጦርነት የሚጫወቱ ብዙ ናቸው፤ ዓድዋንም በጠረጴዛ ላይ የሚጫወቱ አሉ። ጨዋታው ሲያልቅ የወደቁት ወታደሮች ተለቅመው፥ ካሸነፉት ጋራ በሣጥን ተኝተው ወደ ቤት ይመለሳሉ።

አንባቢ ሆይ፥ ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። አባቶቻችን በሜዳ ጉግስ ይጋልቡ፥ በቤትም ሰንጠረዥ ይጫወቱ ነበር። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ወደ ትግራይ መጥቶ ራስ ወልደ ሥላሴ ዘንድ የሰንጠረዥን ጨዋታ አይቶ ጽፎአል። የሀገራችን ሰንጠረዥ ከሌላው አገር የሚለይበት አንድ ሥርዐት ነበረው፤ ይኸውም «ወረራ» ይባላል። የመጀመሪያይቱ ጠጠር እስክትበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ እንደ ወደዱ ጠጠራቸውን ያሰልፋሉ። አንዲት ጠጠር ከተበላች በኋላ ግን ያ ነጻነት ያልቃል፤ ከዚያ ወዲያ አንዱ ለሠራው ሌላው በተራው መመለስ ግድ ይሆንበታል። ይህን ሥርዐት ያወጣ ሰው ጦርነትን በሚገባ ያወቀ ሰው ነው። ደም ሳይፈስ የሚመረጥ መንገድ ብዙ ነው፤ ደም ከፈሰሰ በኋላ ግን ንጉሥ እንኳ ቢሆን የመልስ ባሪያ ይሆናል።

ስለዚህ ጨዋታ ትምህርት የለውም ማለት አይቻልም። በፕሩስያ ሬይስቪትስ የተባለ መኰንን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1824 የጦር ጨዋታን ሥርዐት አሳትሞ ለመኰንኖች ማስተማሪያ አደረገው። ደራሲው ኤች. ጂ. ዌልስ ደግሞ በ1913 ስለ አሻንጉሊት ወታደሮች መጽሐፍ ሲጽፍ፥ ትንሹ ጦርነት ከትልቁ እንዲሻል፥ የጦር ፍቅር ያለበትም ሰው በቤቱ ወለል ላይ ቢወጣለት እንዲበጅ ይመክር ነበር። ዳሩ ግን በዓመቱ ታላቁ የአውሮፓ ጦርነት ተነሣ። እንግዲህ ጨዋታው ጦርነትን ይወልዳል ብለን አንከሰው፤ ጦርነትን ያስቀራል ብለንም አንመነው።

ነውሩ ከወዴት እንደሚጀምር ለማወቅ በመጽሐፈ ሳሙኤል ካልእ በምዕራፍ 2 የተጻፈውን ማስተዋል ይጠቅማል። አበኔርና ኢዮአብ ጭፍሮቻቸውን ይዘው በገባዖን ውኃ ዳር ፊት ለፊት ተቀመጡ። አበኔር ጐልማሶች ወጥተው ጨዋታ እንዲያሳዩአቸው አሳብ አቀረበ፤ ኢዮአብም ፈቀደ። ከወዲህ ዐሥራ ሁለት፥ ከወዲያ ዐሥራ ሁለት ተነሡ፤ እያንዳንዱም የባልንጀራውን ራስ ይዞ ሰይፉን በጐኑ ሻጠበትና ሁሉም ባንድነት ወደቁ። ጦርነቱም በረታ። ፀሓይም ስትጠልቅ ያው አበኔር ከኰረብታ ራስ ላይ ቆሞ ሰይፉ እንዲቆም ኢዮአብን ለመነ። አበኔር የበደለው ጨዋታ በመውደዱ አይደለም፤ እርሱ ተቀምጦ እያየ፥ በሕያዋን ሰዎች ስለ ተጫወተ ነው።

ይህን ነገር የደሴ ሰው ያውቀዋል። ጦሳ ተራራ ላይ ወጥቶ ከተማይቱን ቍልቍል የሚመለከት ሰው፥ ቤቱ እንደ ክብሪት ሣጥን፥ ሰዉም እንደ ጕንዳን ይታየዋል። ይህ የዓይን ጠባይ ነውና አይነቀፍም። ዓይን ያሳነሰውን ልብ ደግሞ ካሳነሰው ግን በደል ይሆናል። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ አውሮፕላኖች ደሴን ከጦሳም በላይ ሆነው አዩአት፤ ቦምባቸውንም ጣሉባት፤ የቀይ መስቀል ምልክት የነበረበት ሆስፒታል እንኳ ከቃጠሎ አልዳነም። የሙሶሊኒ ልጅ ቪቶሪዮ በዚያ ዘመቻ አውሮፕላን ነድቶ ነበርና፥ በኋላ ባሳተመው መጽሐፍ ቦምብ መጣልን እንደ መልካም መዝናኛ አድርጎ ጻፈው። እነሆ፥ አበኔር በክንፍ መጣ ማለት ይህ ነው።

ሰማንያ ስድስት ዓመት አልፎ በ2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ በሰሜኑ ጦርነት ዳግመኛ የጦር ሜዳ ሆኑ። በትግራይ ኃይሎች ከተያዙ በኋላ የመንግሥት ጦር መልሶ እንደ ያዛቸው ኅዳር 27 ቀን ተነገረ። በእነዚያ ሳምንታት በሩቅ ያለ ሰው ሁሉ፥ በየወገኑ፥ ካርታ ዘርግቶ በጣቱ ከተማ ያስይዝና ያስለቅቅ ነበር። በካርታው ላይ ቀስት እንጂ ሰው አይታይም። ከሰሜን ወሎ ተፈናቅለው በደሴ ትምህርት ቤቶች የተጠለሉት ሰዎች ግን ልጆቻቸውን አዝለው ሁለተኛ ስደት ወጡ። ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ያለው ቍልቍለት በካርታ የጣት ስፋት አይሞላም፤ ሕፃን ላዘለች እናት ግን ሌላ ልክ አለው።

የለንደኑን ጠረጴዛ መልሰን ብናስተውለው፥ መንደሩ አለ፤ የመንደሩ ሰው ግን እምብዛም የለም። ቤቱ የተሠራው ወታደር እንዲከለልበት ነው እንጂ እናት እንጀራ እንድትጋግርበት አይደለም። በጨዋታ ይህ ጕድለት በደል አይባልም፤ የሚሞት የለምና። በእውነተኛው ጦርነት ግን በደል ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ጕድለት ነው። ከሰገሌ ሜዳ በ1909 ዓ.ም. ወደ ወሎ ያልተመለሱትን የንጉሥ ሚካኤልን ጭፍሮች ለቅሞ ወደ ሣጥን የመለሳቸው ማንም የለም።

በቅኔ ቤት ሰሙን ይዞ ወርቁን ያልፈታ ተማሪ ቅኔውን አልሰማም ይባላል። በጦር ጨዋታም ሰሙ ጠጠር ነው፤ ወርቁ ነፍስ ነው። ሰሙን ይዞ ወርቁን የማይረሳ ሰው ይጫወት፤ ትዕግሥትንና ማስተዋልን ይማርበታል። አባትም ልጁ የእንጨት ጠመንጃ ይዞ ቢያገኘው በዱላ አይምታው፤ በዚያ በምትተኵስበት ቤት ማን ይኖራል ብሎ ይጠይቀው። ልጁ ለዚህ ጥያቄ መልስ ካገኘ ጨዋታው አይጐዳውም። ያንኑ ጥያቄ ጦር የሚያዝዝ ሹምም፥ በሩቅ ሆኖ ወሬ የሚሰማም ሰው ዕለት ዕለት ራሱን ሊጠይቅ ይገባዋል።