የጎደለችው አንድ ኪሎ ሜትር

በቂርያት ጋት የኢንዱስትሪ ቀጠና፣ በአንድ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ የሚሠራ አንድ የቤተ እስራኤል ልጅ ነበር። ብስክሌት የወደደው በሕፃንነቱ፣ በአይሁድ የስርየት ቀን፣ በኪፑር ነው። በዚያች ቀን በእስራኤል መኪና ከመንገድ ይጠፋል፤ አስፋልቱ ከዳር እስከ ዳር የልጆች ይሆናል። አድጎ ደመወዝ መቁጠር ሲጀምር ቀለል ያለች ብስክሌት ገዛ፤ እጀታዋ ላይም ፍጥነትና ርቀት የሚቆጥር መሣሪያ አሰረ። የሥራ ልብሱን በሚያስቀምጥበት ሣጥን በር ላይ የጽጋቡ ግርማይን ፎቶ ለጠፈ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተሰለፈውን የመጀመሪያውን ኢትዮጵያዊ። ከዚያም ማለ፦ በዚህ በጋ አማካይ ፍጥነቴ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ሳይሆን አላርፍም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከቀጠናው ተነሥቶ በምሥራቅ በኩል ወደ ላኪሽ 15 ኪሎ ሜትር በ30 ፍጥነት በረረ። የባሕሩ ነፋስ ከጀርባው ይገፋው ነበር፤ እሱ ግን የገዛ ጉልበቱ መሰለው። ሲመለስ ያው ነፋስ ደረቱን ይዞ አላስኬድ ስላለው በ20 ገባ። የ30 እና የ20 መካከል 25 ነው ብሎ መሣሪያውን ቢያይ 24 ይላል።

«ይሄ ዕቃ ተበላሽቷል» አለ።

በዚያው ፋብሪካ የምትሠራ አንዲት ሴት ነበረች። ስኳር እንዳለባት ሐኪም ነግሯት፣ ሰውነትሽን አንቀሳቅሺ ስላላት በጎልማሳነቷ ብስክሌት የጀመረች ናት። «ዕቃህ ደኅና ነው» አለችው። «ስትሄድ ግማሽ ሰዓት፣ ስትመለስ 45 ደቂቃ ፈጀብህ። ዝግ ባልክበት ላይ ነው ብዙ የቆየኸው። 30 ኪሎ ሜትር በአንድ ሰዓት ከሩብ፣ 24 ይሆናል። ነፋስ ሲሄዱ ያበደረውን ሲመለሱ ከነወለዱ ነው የሚቀበለው።»

ወጣቱ ከዚህ ንግግር የወሰደው ሌላ ትምህርት ነበር፤ ነፋሱ ከሆነ የሚበላኝ፣ ከነፋሱ መሸሽ ነው አለ። ከዚያ ወዲያ ነፋስ እየገፋው ብቻ ይነዳል፤ ለመመለስ መኪና ያለው ጓደኛውን ይጠራል። ዳገት ካለበት ይዞራል። ቀይ መብራት ሲይዘው መሣሪያውን ያቆማል። ክፉ የዋለበትን ቀን ከመዝገቡ ያጠፋል። አብረው ሲነዱ ሴትየዋን መጠበቅም ተወ፤ እሷን የጠበቀ ቀን ቁጥሩ ይወርድበታልና። 25 ሞላ፣ 26 ሆነ፣ 27 ገባ።

እዚህ ላይ ሳልናገር የማላልፈው አለኝ። ሜዳ ላይ የብስክሌተኛ ትልቁ ባላጋራ አየር ነው። ፍጥነት ከ25 ወደ 30 ሲወጣ ጭማሪው አንድ አምስተኛ ብቻ ሆኖ ሳለ፣ አየሩን ለመግፋት የሚጠየቀው ኃይል ግን 70 በመቶ ያህል ይጨምራል። ስለዚህ በጉልበት ብዙ የበረታ ሰው እንኳ መሣሪያው ላይ የሚያየው ለውጥ አንድ ሁለት ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ስንቱ ሰው ይህችን ትንሽ ቁጥር አይቶ «አልተለወጥኩም» እያለ ብስክሌቱን በረንዳ ላይ አቧራ አስበላው! ያንገበግበኛል።

ሴትየዋ መሣሪያ አልነበራትም፤ ደብተር ነበራት። በየሳምንቱ ያንኑ አንድ ዳገት ወጥታ ስትመለስ ትጽፋለች፦ ስንት ደቂቃ ፈጀብኝ፣ ነፋሱ ከየት ነበር፣ ዳገቱ ላይ ሳለሁ ትንፋሽ ሳያጥረኝ መናገር እችል ነበር ወይ። የመጀመሪያው ገጽ «ወርጄ ገፋሁ» ይላል። ጥቂት ገጾች አልፎ «ሁለቴ አረፍኩ»። በበጋው መጨረሻ «ዳዊት እየደገምኩ ወጣሁ» የሚል ይገኛል።

አንድ ቀን ወጣቱ እንደ ልማዱ በነፋሱ ተገፍቶ 15 ኪሎ ሜትሩን በግማሽ ሰዓት ጨረሰ። ጓደኛው ግን መኪናዬ አልነሣም አለች ብሎ ደወለለት። ፊቱን ወደ ምዕራብ አዙሮ መንዳት ጀመረ። ብዙም ሳይርቅ እግሩ ከዳውና ከአንድ የወይን እርሻ ዳር ተቀመጠ። ሴትየዋ ከዳገቷ ስትመለስ እዚያው አገኘችው።

«እትዬ፣ አንቺ ሂጂ። አዘገይሻለሁ።»

«ተነሥ፣ ከኋላዬ ግባ።»

ጎማዋን ተከትሎ ሲገባ ነፋሱ ቀለለው። በሣጥኑ በር ላይ እንደ ለጠፈው ያሉ ብስክሌተኞች ብዙውን ጊዜ የሚውሉት በዚህ ሥራ ላይ ነው፤ ለቡድናቸው መሪ ፊት ሆነው ነፋስ ይመክታሉ። ይህን ፎቶው አልነገረውም ነበር።

እሷ እየነዳች ታወራለች፣ ድምፅዋም አይቆራረጥም። «እኔ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1984 ከጎንደር ወደ ሱዳን የወጣሁት በእናቴ ጀርባ ነው። ሌሊት ሌሊት ነበር የሚሄዱት። በዚያ ጉዞና በሱዳን መጠለያ ወደ 4 ሺህ የሚጠጋ ወገናችን አልቋል። እናቴ ሲደክማት ጠንካሮቹ ወንዶች ቁጭ ብለው ይጠብቋት ነበር። እስክትሞት ድረስ የጠበቋትን ሰዎች በስማቸው እየጠራች ትመርቃቸው ነበር እንጂ፣ በስንት ቀን እንደ ደረሱ ነግራኝ አታውቅም።»

ከቀጠናው ሲደርሱ መሣሪያው 20 ይላል። ሄዶ ግማሽ ሰዓት፣ ተመልሶ አንድ ሰዓት። ጣቱ ወደ ማጥፊያው ሄዶ ነበር፤ ተወው።

«እትዬ፣ ከደብተርሽ አንድ ገጽ ትሰጪኛለሽ?»

ቀድዳ ከነእስክሪብቶው ሰጠችው። ወረቀቱን ኮርቻው ላይ ዘርግቶ ቆየ።

«ዳገቱን ግን አልወጣሁትም'ኮ። ምን ብዬ ልጻፍ?»

«አልወጣሁትም ብለህ ነዋ። ነፋሱንም ጻፈው።»